«ነክሶሻል እንዴ?» ስለ ጎረቤት ውሻ ጩኸት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አባላት፣
እንዲሁም በየወረዳው አቤቱታ ለምትቀበሉ ባለሙያዎች፣

ጉዳዩ፦ የጎረቤት ውሻ ጩኸትን የሚመለከት አቤቱታ የሚስተናገድበት ግልጽ አሠራር እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ጉዳዩን አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። አልቀየምም። የቤት ኪራይ ሰማይ በነካበት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ስለ ውሻ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ሥራ የፈታች ትመስላለች። ግን እስቲ የምታውቁትን ሰው ጠይቁ። ከአጥር ማዶ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ውሻ ያለበት ሰው አታጡም። ዝም ያለው ስላልተቸገረ አይደለም። የት እንደሚከስ ስላላወቀ ነው።

እኔ ለማወቅ ዞሬያለሁ። ከዚያ በኋላ የምለው አንድ ነገር ነው። ሕጉ አለ፤ አቤቱታውን የሚቀበል ጠረጴዛ ግን የለም። ያንን ጠረጴዛ አንድ ቦታ አስቀምጡልን።

መጀመሪያ ነገሩን ልንገራችሁ። ከግቢያችን ግንብ ማዶ ያለው ቤት ባለቤቱ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ቤቱን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ዘበኛና ቡቺ የሚባል ውሻ ናቸው። ቡቺ የታሰረው ከዋናው በር አጠገብ ነው። ሰንሰለቱ ሁለት እርምጃ ቢያስኬደው ነው። የብረቱ በር ከታች ከመሬቱ ጋር አልገጠመም፤ አንድ ስንዝር የሚያህል ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት ቡቺ የሚያየው እግር ብቻ ነው። እግር ባየ ቁጥር ይጮሃል። ከመጠጥ ቤት የሚመለስ እግር ይመጣል። ሌሊት ኪዳን የሚሄድ እግር ይመጣል። ድመት ታልፋለች። እግሩ ካለፈም በኋላ አያቆምም። ሰንሰለቱን በሩ ላይ እያንኳኳ ይቀጥላል፤ ከዚያ የታችኛው ሰፈር ውሾች ይቀበሉታል። በዚህ መሃል ልጅ ለፈተና ያጠናል። የታመመ ይተኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ መገኘት ያለበት ሰው ደግሞ ጣሪያ ያያል።

ዘበኛውን አነጋግሬያቸዋለሁ። «አባባ፣ ሌሊት ሌሊት እንኳ ወደ ጓሮ ቢወስዱት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔስ መች ተኛሁ» አሉኝ። «ግን ጋሼ እዚያ ሆነው በካሜራ ያያሉ። ውሻው ዝም ካለ ‹ተኝታችኋል እንዴ?› ብለው ይደውላሉ።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ለጋሼ የቡቺ ጩኸት የሥራ ሪፖርት ነው። ሰዓቱም ሲሰላ እዚህ ሌሊት ሲሆን እሳቸው ጋ ገና ቀን ነው። እንቅልፋቸው አልተነካም።

ከዚያ ወደ መንግሥት ቤት ዞርኩ። ፖሊስ ጣቢያ ተረኛው መዝገቡን እንኳ አልገለጠም። «ነክሶሻል እንዴ?» አለኝ። አልነከሰኝም። «በቃ በሽምግልና ጨርሱ» አለኝ። ደንብ ማስከበር ስሄድ ደግሞ «እህቴ፣ ውሻ ካልጮኸ ምኑን ውሻ ሆነ?» ተባልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ሌላ ቢሮ ግን በትሕትና አነጋገሩኝ። የድምፅ ብክለት እነሱን እንደሚመለከት አልካዱም። ችግሩ፣ መለኪያው ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። የሚመጣውም በሥራ ሰዓት ነው። ቡቺ ደግሞ በሥራ ሰዓት ይተኛል።

የየትኛው ወረዳ ሰዎች እንደሆኑ አልናገርም። ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ሁሉም በያሉበት ልክ ናቸው። እጃቸው ላይ ስለ ውሻ ጩኸት «እንዲህ አድርግ» የሚል ነገር ከሌለ ከየት ያምጡ?

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 1225ን ብታነቡ፣ ባለቤት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ማስቸገር ወይም መጉዳት የለበትም ይላል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት፣ ንዝረት ሁሉ እዚያ አሉ። መለኪያው መልካም ጉርብትና ነው። ከዚያ ሲያልፍ ነው ጥፋት የሚሆነው። እዚያው ላይ ግን አንድ ማምለጫ ተቀምጧል። ችግሩ ከአካባቢው ልማድ ወይም ከቦታው ሁኔታና ጠባይ የመጣ ከሆነ አንቀጹ አይሠራም። ባለ ውሻ ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው። «በአገራችን ውሻ ማሳደር ልማድ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ማሳደር ልማድ ነው። ውሻን በር ላይ አስሮ ሌሊቱን ሙሉ ማስጮህ ግን የማን ልማድ ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ የሚመልሰው ዳኛ ብቻ ነው። ዳኛ ፊት እስኪደረስ ደግሞ ስንት ሌሊት ያልፋል።

ጠበቃ የሆነ ዘመዴ «ሁከት ይወገድልኝ ብለሽ ክሰሺ» አለኝ። አንቀጽ 1149 ነው። ይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲቆምለትና ጉዳቱም እንዲካስ መጠየቅ ይችላል። በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ግን መብቱ ይታገዳል። ጥሩ ነው። ግን አስቡት። ለአንድ ውሻ የጠበቃ፣ የዳኝነት፣ የቀጠሮ፣ የትራንስፖርት። በዚያ ላይ ተካሳሹ ባሕር ማዶ ነው፤ መጥሪያውን ማን ይቀበላል? ዘበኛው? እሳቸውን ደግሞ መክሰስ ግፍ ነው።

እግረ መንገዴን ያስገረመኝን ልንገራችሁ። አንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦት ቢሆን እንኳ። ወረድ ብላችሁ 2073ን ስታዩ ደግሞ፣ የቤት እንስሳ ባለቤት የራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ነፃ መውጣት ይችላል። እንግዲህ ፍርዱ ወጥቶ ቡቺን ከነሰንሰለቱ ለእኔ!

ከዚህ ሁሉ ቀረብ ያለው መንገድ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ ነው፤ ቁጥር 300/1995። ድምፅ በአዋጁ ብክለት ነው። አንቀጽ 11ን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ እንደሚመለከተው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምፅ ልክም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ ሕጉም፣ ቀነ ገደቡም፣ ቁጥሩም አለ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አልሠራልኝም? ምክንያቱም ይህ መለኪያ ለጄኔሬተር፣ ለወፍጮ ቤትና ለጭፈራ ቤት የተመቸ ነው። እነዚያ ከተነሱ አይቆሙም። ባለሙያው ደርሶ፣ መሣሪያውን ደቅኖ፣ ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። ውሻ እንዲህ አይደለም። ይጮሃል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይጮሃል። ባለሙያው ሲመጣ ዝም ሊል ይችላል። ወይም ባለሙያውን አይቶ ይጮሃል፤ ያ ደግሞ ሥራው ነው፣ ማን ይፈርድበታል? ሰውን የሚያደክመው የጩኸቱ ከፍታ ብቻ አይደለም። መደጋገሙ ነው። አሁን አበቃ ብሎ ዓይኑን የከደነ ሰው እንደገና መቀስቀሱ ነው። ይህን የሚለካው ሰዓት እንጂ የድምፅ መሣሪያ አይደለም።

ሌሎች ከተሞች ይህን ደርሰውበታል። ሎስ አንጀለስን እንውሰድ፤ የፌርፋክስ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ያለችበትን ከተማ። እዚያ ብዙ የኛ ሰው ስላለ ጠይቃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የከተማው ደንብ የውሻ ጩኸት ከልክ አለፈ የሚለው በደቂቃ ነው። 10 ደቂቃ ሳያቋርጥ ከተሰማ፣ ወይም በ3 ሰዓት ውስጥ እያቋረጠ 30 ደቂቃ ከተሰማ፣ አልፏል። ሰው ወደ ግቢው ሊገባ ሲል ወይም ውሻውን ሲነካካው የጮኸው አይቆጠርም። አቤቱታው በጽሑፍ ሲቀርብ መጀመሪያ ለባለቤቱ ደብዳቤ ይሄዳል። ጊዜ ይሰጠዋል። ካልተስተካከለ ሁለቱም ወገኖች ተጠርተው ይሰማሉ። መጨረሻው ውሻ የማሳደር ፈቃድን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ማንም እጁን በካቴና አይታሰርም። ማንም ውሻም አይገደልም።

የአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ጠበቅ ታደርጋለች። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ6 ደቂቃ በላይ የሚጮህ ውሻ ደንብ ጥሷል። ሌሊት ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ3 ደቂቃ በላይ አይፈቀድም።

የብሪዝበንን ልክ እንዳለ አምጡልን አልልም። እኛ ጋ ዳር ዳር ባለው ሰፈር ጅብ ይመጣል። ሌባ አጥር ይዘላል። ሰው ውሻ የሚያሳድረው ለፍቅር ብቻ አይደለም። ባሏ ሞቶ ከልጆቿ ጋር ለብቻዋ የምትኖር ሴት ሌሊት እንቅልፍ የሚወስዳት ውሻዋ በር ላይ ስላለ ሊሆን ይችላል። በ3 ደቂቃ ጩኸት ልትጠየቅ አይገባም። እንደኔ እንደኔ የሎስ አንጀለሱ ልክ ለቀኑ ይበቃል፤ ለሌሊቱ ግማሹ ይሁን። ቁጥሩን እናንተ ከባለሙያ ጋር ወስኑት። ቁጥር ግን ይኑር። ቁጥር ከሌለ ነገሩ ሁሉ «ውሻ ካልጮኸ ምኑን ውሻ ሆነ» ላይ ይቆማል።

አቤቱታ ተቀባዩም አንድ ይሁን፤ ወረዳ ላይ፣ ስሙ በሩ ላይ የተጻፈ። ፖሊስም ደንብ ማስከበርም ሲመጣባቸው «እዚያ ሂጂ» ማለት ይችሉ ዘንድ። አመልካች የምትሞላው ቅጽ አጭር ይሁን። ቀኑ፣ ጩኸቱ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፣ በስልክ ከራሷ ቤት ውስጥ ሆና የቀዳችው ድምፅ። ከቤቷ ውስጥ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በጎረቤት ግንብ ላይ ስልክ አንጠልጥሎ መቅረጽ ሌላ ጠብ ይወልዳል።

የቂም አቤቱታ እንደሚመጣም አውቃለሁ። በድንበር የተጣላ ሰው ውሻውን ሰበብ ያደርጋል። ለዚህ መድኃኒቱ ከሌላ ቤት የመጣ ምስክር ነው። እውነት የሚያስቸግር ውሻ አንድ ቤት ብቻ ቀስቅሶ አይቀርም። ከጎን ያለው ቤት «እኔ ምንም አልሰማሁ» ካለ፣ አቤቱታው ይቆይ።

ባለቤቱ ሩቅ ሲሆን ደብዳቤው ለማን ይሰጥ የሚለው ደግሞ በደንብ መታሰብ አለበት። ስንቱ ግቢ በዘበኛና በዘመድ ነው የተያዘው። ተከራይ ሆኖ የአከራዩን ውሻ የሚቀልብም አለ። ለዚህ የሚረዳ ነገር እጃችን ላይ ያለ ይመስለኛል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ውሻ ሲከተብ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የአሳዳሪው ስልክና የቤት ቁጥሩ ቢጻፍ፣ ያው መዝገብ ለጩኸቱም ለንክሻውም ያገለግላል። ያልተከተበ ውሻ ካለም በዚያው ይታወቃል። አንድ መዝገብ ለሁለት ሥራ ማለት ነው፤ ተጨማሪ በጀት ብዙ የሚጠይቅም አይመስለኝም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ አልልም። አዋጅ 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። በረንዳ ላይ ውሻ ዘግቶ ሥራ የሚሄድ ሰው ካለ ማኅበሩ ደንቡ ላይ ያስገባው። ከዚያ በላይ ሲሆን ወረዳው ይግባ። ባለቤት የሌላቸው የመንገድ ውሾችም የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደሉም። እነሱ የሚያስፈልጋቸው ክትባትና ማምከን ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ስለ ጎረቤት ውሻ የቀረበው አቤቱታ የጎዳና ውሻ ማጥፊያ ዘመቻ ሆኖ እንዳያርፈው እፈራለሁ።

ውሳኔው ምን ይሁን ካላችሁ፣ ከቅጣት በፊት መፍትሔ ይታዘዝ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው። ቡቺን እንዳየሁት፣ የበሩ የታች ክፍተት በአንዲት ቁራጭ ላሜራ ቢደፈን እግር አያይም። ሌሊት ከበሩ ወደ ቤቱ ደረጃ ቢጠጋ የመንገዱን ኮሽታ ሁሉ አያሳድድም። «ቀን የታሰረ ውሻ ሌሊት ጎበዝ ይሆናል» የሚባለውን እኔ አላምንበትም። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሌሊት ጎበዝ አይሆንም፤ ይሰለቻል፣ ይበሳጫል፣ ለቅጠሉም ይጮሃል። ለሁሉም የሚጮህ ውሻ ደግሞ ሌባ ሲመጣ ማን ይሰማዋል? «ያው ቡቺ ነው» ብለን እንገላበጣለን። ጋሼ ይህን ቢያስቡበት ጥቅሙ ለራሳቸው ነበር። የወረዳው ደብዳቤ እነዚህን ሁለት ሦስት ነገሮች ጽፎ «በ15 ቀን ውስጥ አስተካክል» ቢል፣ ብዙው እዚያው ያልቃል ብዬ አምናለሁ። ያላስተካከለ ያኔ ይቀጣ። የገንዘብ ቅጣቱም በዘበኛው ደሞዝ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ይሁን፤ ይህ በግልጽ ካልተጻፈ መጨረሻው የት እንደሚያርፍ ሁላችንም እናውቃለን።

ለምን አስቸኳይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰው ሌላ በር ያያል። ስለ ቡቺ ሳማርር «ሥጋ ላይ መርዝ አድርገሽ ወርውሪለት» ያሉኝ አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ናቸው። ግን መርዝ ውሻውን ብቻ አይመርጥም። ድመት ያነሳዋል፣ አሞራ ያነሳዋል፣ ደጅ የሚጫወት ሕፃን ያነሳዋል። የሰው ውሻ መግደልም በሕግ ያስጠይቃል። አስቡት እንግዲህ፤ እኔ አቤት ብዬ ሰሚ ባጣሁበት ነገር መርዝ ብወረውር ፖሊስ መዝገቡን በዚያው ቀን ይከፍት ነበር።

«ውሾቹም ይጮሃሉ፣ ግመሎቹም ይሄዳሉ» ሲባል እሰማለሁ። ግመሎቹስ መንገደኛ ናቸው፤ አልፈው ይሄዳሉ። እኛ ጎረቤት ነን፣ የት እንሂድ? ቤት ቀይሪ እንዳትሉኝ ደግሞ የኪራዩን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ረቂቅ ለማዘጋጀት ከወሰናችሁ ሕዝብ ስታወያዩ ባለ ውሾችንም ጥሯቸው። እኛ ብቻ ተሰብስበን ከጻፍነው እነሱ አይቀበሉትም። የእንስሳት ሐኪምም ይኑር። የስብሰባው ሰዓት ከተቻለ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፤ ጠዋት ጠዋት ትንሽ እንተኛበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የከተማው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለወረዳችን ደንብ ማስከበር
ለሰፈራችን እድር
ለጎረቤቴ ለጋሼ (በዘበኛው ስልክ ፎቶ ተነስቶ የሚላክ)